ሜዳው ክፍት፣ ቤቱ ዝግ

በሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ባለችው ትሮምሶ የምንኖር የጅማ ልጆች ለእረፍት አገር ቤት ስንመጣ፣ ዘመድ አዝማድ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀን ስለ ብርዱ ነው። ብርዱ ግን እንደሚወራለት አይደለም። ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት በባሕር ዳርቻው ስለሚያልፍ ወደቡ በረዶ አይዘው፤ የጥር ወር አማካይ ሙቀትም ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ሰውን የሚፈትነው ጨለማው ነው። ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ድረስ ፀሐይ አትወጣም፤ ዙሪያውን ያሉት ተራሮች ስለሚከልሏት ደግሞ የከተማው ሰው በዓይኑ የሚያያት በጥምቀት ሰሞን ነው። ያን ዕለት በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ ይበላል፤ ዓውደ ዓመት ለሚወደው ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ከግንቦት 12 እስከ ሐምሌ 15 ደግሞ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። በጅማ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፣ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ማንንም አላስቸገረም፤ እዚያ ግን «ሲመሽ እንገናኝ» ብሎ ቀጠሮ መያዝ ዘበት ነው።

እንዲህ ያለው ጨለማ ሰውን ቤቱ ውስጥ ይቆልፈዋል ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። በከተማው ዳርና በጫካው ውስጥ መብራት የተተከለላቸው የበረዶ መንሸራተቻ መንገዶች አሉ፤ ሕፃናት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው በጨለማው መሐል በረዶ ላይ ሲንከባለሉ ይውላሉ፤ አዛውንቶች ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው ዱላ ተመርኩዘው ይሄዳሉ። «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» የሚል አባባል አላቸው፤ ዝናብ ካፊያ ሲጀምር ቀጠሮ ለምንሰርዝ ለእኛ፣ ይልቁንም ዝናብ ለማይጠፋባት ለጅማ ሰው፣ አባባሉ ትንሽ ይቆረቁራል። አብዛኛው ሱቅ በሚዘጋበት በእሑድ ቀን፣ ሰው ሰኞ ሥራ ሲገባ የሚጠየቀው የት ተራራ እንደወጣ ነው።

ይህ ልማድ በሕግም የተደገፈ ነው። በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሕግ፣ መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ያልታረሰ እስከሆነ ድረስ ማንኛውም ሰው በእግሩ እንዲዘዋወርበት ይፈቅዳል። ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር ርቆ ድንኳን መትከልና እስከ ሁለት ሌሊት ማደርም ይቻላል። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ በዚሁ አቆጣጠር በ1868 የተመሠረተው የተራራ ተጓዦች ማኅበር በየተራራው ያቆማቸው ጎጆዎች ናቸው። አባሉ የጋራ የሆነውን ቁልፍ ይዞ ሰው በሌለበት ጎጆ ይገባል፤ ስንቅ ያላቸው ጎጆዎች መደርደሪያ ላይ የታሸገ ምግብ፣ ደረቅ ዳቦና ቡና ይጠብቀዋል። የበላውን ራሱ መዝግቦ ዋጋውን ይከፍላል፤ ሲወጣም ወለሉን ጠርጎ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨት ፈልጦ ይሄዳል። በየተራራው ጫፍም የብረት ሣጥን ውስጥ ደብተር ይቀመጣል፤ የወጣ ሁሉ ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል። ጠባቂም ቲኬት ቆራጭም የለም።

ሜዳውን እንዲህ ለሁሉም የከፈተው ሕዝብ ግን ቤቱን እንዲሁ አይከፍትም። በተራራው ላይ ሳያውቀኝ በፈገግታ ሰላም ያለኝ ሰው፣ በማግሥቱ አውቶቡስ ውስጥ ሳገኘው ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ እንዲቀርለት ሲመኝ አያለሁ። በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ጎረቤቶች መኖራችንን የምንተዋወቀው በበር ላይ በተለጠፈው ስም ነው። ለጥየቃ መሄድ የሚፈልግ አስቀድሞ መልእክት ልኮ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ የሚገባበትም የሚወጣበትም ሰዓት ታውቆ ነው። ቡና በብዛት በመጠጣት ከዓለም ቀዳሚዎች መካከል ናቸው፤ የቡናቸው ክብር የሚታየው ግን ሳሎን ውስጥ ሳይሆን፣ በበረዶ ላይ በተቀጣጠለ እሳት በጠቆረች ማንቆርቆርያ አፍልተው ሲጠጡት ነው።

ጅማ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቃል። አክስቴ ቤት ቡናው ገና ሲቆላ ትንሹ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ጎረቤት ያሉት እትዬ ደግሞ ሳይጠሩም ቢሆን ከበሩ «ቤቶች!» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ይገባሉ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ የሰፈሩ ታማሚ፣ የተዳረው፣ ከአረብ አገር የተመለሰው ሁሉ ይነሳል፤ በረካውን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ምክንያት ማቅረብ አለበት። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወልቂጤ ላይ ምሳ የበላንበት አውቶቡስ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሳይወርድ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የልጆቼን ስም ጠይቀው፣ ሙዝ አካፍለውኝ፣ መርቀውኛል። ትሮምሶ ውስጥ ዓመታት የማይበቁት ነገር ነው።

ነገር ግን ከቤት ወጥተን በገዛ አገራችን እንዘዋወር ሲባል እንቸገራለን። ለእኛ ሽርሽር ማለት መኪና ተከራይቶ፣ ምግብ ተሰናድቶ፣ ተለብሶና ተጊጦ የሚሄዱበት ነው። ጅሬን ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር እንውጣ ስላቸው የአክስቴ ልጆች «ምነው፣ ባጃጅ ጠፋ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ንጉሡ እስከ 1932 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖሩበት ያ የእንጨት ቤት ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው፤ ስንደርስ ግን ፎቶ ተነሥተን ባጃጁ ሳይሄድብን ለመውረድ ቸኮልን። ቦዬ ረግረግም ቅርብ ነው፤ ጉማሬና ልዩ ልዩ ወፍ ይታይበታል፤ ዳሩ ግን ዳርቻው ለሸክላ ጡብ ሲቆፈርና ለግጦሽ ሲውል እንጂ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ወፍ ሲያይበት አላየሁም። ያለ ጉዳይ በእግር የሚሄድ ሰው ሥራ ፈት ይባላል።

የኖርዌይን ሕግ እንዳለ እንቅዳ የሚል የዋህነት የለኝም። እነርሱ 5 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሆነው ሰፊ ድንጋያማ አገር ይዘዋል፤ በጅማ ዙሪያ ግን ጫካ ከሚመስለው ብዙው በጥላ ዛፍ ሥር የለማ የአንድ አባወራ ቡና ነው፤ ፍሬው በቀላበት ወራት በመሐሉ የሚንሸራሸር እንግዳ ማንነቱን ቢጠየቅ አያስቀይምም። የሚቀዳው ሌላ ነው። ትሮምሶ ውስጥ 421 ሜትር ከፍታ ወዳለው ተራራ የሚወስድ የገመድ መኪና አለ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። ከጎኑ ግን ከኔፓል የመጡ የሼርፓ ሠራተኞች ድንጋይ በድንጋይ የሠሩት፣ 1,200 ገደማ እርከን ያለው ደረጃ አለ፤ ደሃውም ሀብታሙም በነፃ ይወጣበታል። ጅሬን እንዲህ ያለ የእግር መንገድ፣ በየመሐሉም አረፍ የሚባልበት የድንጋይ መቀመጫ ቢሠራለት፣ ድንጋዩም ሠራተኛውም ከዚሁ ይገኛል። የጅማ ሰው እንደ ትሮምሶ ሰው ብቻውን እንደማይወጣበት ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ ጀበናውን፣ ረከቦቱንና የጎረቤቱን ልጆች ይዞ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ከሰል የሚቀጣጠልበት ጥላ ያለው ቦታና የቆሻሻ መጣያ በፕላኑ ውስጥ ይግባ።