ማስተካከያ፦ የቡግና ወረዳ ሕዝብ አልቀነሰም

ስለ ሰሜን ወሎዋ ቡግና ወረዳ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የሕዝቧ ቁጥር ከ1987ቱ ቆጠራ እስከ 1999ኙ ድረስ በእጅጉ እንደቀነሰ ገልጸን ነበር። ስሕተት ነው። በ1987 ቡግና ስትባል ላሊበላንና የዛሬውን የላስታ ወረዳ ጭምር ትይዝ ነበር። በኋላ ላስታ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኖ ሲወጣ ስሙ ለቀሪው ክፍል ቀረ፤ እኛም ሰፊዋን ቡግና ከጠባቧ ጋር አነጻጸርን። ሰዉ የትም አልሄደም፣ የሄደው ድንበሩ ነው። ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የ1999ኙን የሁለቱን ወረዳዎች ቁጥር ደምሮ ይጀምር፤ ከዚያም በፊት የቀበሌ ዝውውር መኖር አለመኖሩን ያጣራ።

ሌላም አለ። «1999» ያልነው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ ግን የፈረንጅ ዓመት አስመስለን አስገብተነዋል። የስምንት ዓመት ስሕተት ቀላል አይደለም።

«የአሁኑ ሕዝብ» የሚለው አገላለጽም ይታረም። አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በ2011 ስለተራዘመ፣ ከ1999 ወዲህ ለየወረዳው የሚጠቀሱት አኃዞች ትንበያ እንጂ ቆጠራ አይደሉም።