በ55 ለመውጣት ካሰባችሁ መሠረታዊ ደመወዛችሁን እዩ

«25 ዓመት አገልግሎቴን ሞልቻለሁ። አሁን 55 እስኪሆነኝ ነው የምጠብቀው፤ ከዚያ በቃኝ።» በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ሕጉም ይፈቅድለታል። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ቢሆንም፣ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 55 ሲሞላው የጡረታ አበሉን መቀበል ሊጀምር ይችላል። ይህን ምኞት አልቃወምም። ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ጉልበቱ ሳያልቅ ቢያርፍ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው የሚወጣበትን ቀን አሳምሮ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ስንት ብር እንደሚያገኝ ግን አስልቶት አያውቅም።

ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ደመወዝ ክፍል ነው። ፔሮሉ፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ዓምድ አለ፦ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የስልክ፣ የኃላፊነት፣ ትርፍ ሰዓት። ሠራተኛው የሚያየው የመጨረሻውን፣ የተጣራውን ነው። የቤት ኪራዩንም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያም፣ ዕቁቡንም የሚያስበው በእሱ ነው። ጡረታ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባው በመሠረታዊ ደመወዙ ልክ ነው። አበሉም የሚሰላው በዚሁ ነው።

ስሌቱ አያስቸግርም። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት መሠረታዊ ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ይህ የሲቪሉ ነው፤ ወታደርና ፖሊስ የራሳቸው ስሌት አላቸው።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛን ለምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜዋ 55፣ አገልግሎቷ 28 ዓመት ነው። የመሠረታዊ ደመወዟ የ3 ዓመት አማካይ 18,000 ብር ነው። በዚህ ላይ በልዩ ልዩ ጥቅማ ጥቅም 8,000 ብር ታገኛለች። እሷ ራሷን የምታየው እንደ 26,000 ብር ደመወዝተኛ ነው። አሁን ብትወጣ 30 በመቶውና የ18ቱ ዓመት 22.5 በመቶ ተደምሮ 52.5 በመቶ ይሆናል። ይህም 9,450 ብር ነው። ስልኩም፣ ትራንስፖርቱም፣ ኃላፊነቱም ቀርቷል።

ብዙ ሰው «5 ዓመት ብጨምር የሚጨመርልኝ ትንሽ ነው» ይላል። በመቶኛው ብቻ ካየነው ልክ ነው። አገልግሎቷ 33 ዓመት ሲሞላ 52.5 የነበረው 58.75 ይሆናል፤ የሚያጓጓ አይደለም። ዋናው ነገር ያለው ደመወዙ ላይ ነው። በእነዚያ 5 ዓመታት ዕድገትና ጭማሪ አግኝታ አማካይዋ 28,000 ቢደርስ፣ አበሏ 16,450 ብር ይሆናል። ቀድሞ የሚወጣ ሰው የሚያጣው 6.25 በመቶ ብቻ አይደለም። አበሉ በዛሬው ደመወዝ ላይ ታስሮ ይቀራል። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ነው ከፍ ያለው። ከዚያ በፊት የወጡት ሰዎች አበል የተሰላው በአሮጌው ደመወዝ ነው። ለጡረተኞች ማስተካከያ አልፎ አልፎ ይደረጋል፤ ነገር ግን ማንም አስቀድሞ ሊተማመንበት አይችልም። ብር ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚገዛ ሰው ይህንን በፋርማሲው መስኮት ላይ አይቶታል።

የግል ድርጅት ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። የግሉ ዘርፍ ጡረታ የመጣው በ2003 በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ስለዚህ አብዛኛው በግል ድርጅት ብቻ የሠራ ሰው የሚቆጠርለት የጡረታ አገልግሎት ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በ1990 ተቀጥሮ «25 ዓመት አልፎኛል» የሚል ሰው ፋይሉ ላይ ያለው ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። ቀድሞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ከሆነ ያ ይደመርለታል፤ ማስረጃው ካለ ማለት ነው። የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤ፣ መልቀቂያ፣ የአገልግሎት ማስረጃ ዛሬውኑ ፈልጉ። ቅጥር ስትጀምሩ የተመዘገበው የልደት ቀንም ምን እንደሚል እዩ፤ የሚሠራው እሱ ነው። ከደመወዙ 7 በመቶ በየወሩ ሲቆረጥበት ኖሮ፣ አሠሪው ገቢ ሳያደርግለት የቀረ ሰው አውቃለሁ። ያወቀው ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ነው። ክርክሩን የጀመረው ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ነበር።

ታዲያ ክፍተቱ በምን ይሞላ? የአገራችን ሰው መልስ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም አከራይቶ መኖር መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ኪራይ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ ይሄዳል። አክሲዮንም አለ፤ ከጥር 2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ሆኖም ሁሉን ገንዘብ አክሲዮን ላይ አድርጎ በ55 መውጣት አልመክርም። በፈለጉበት ቀን ሸጦ ብር ማድረግ ገና ቀላል አይደለም። ዕቁብ ለዲሲፕሊን ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ዕጣ ከመውጫ ቀናችሁ አጠገብ ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ።

ከሁሉም የምፈራው በአንድ ቀን እጅ ላይ የሚገባውን ገንዘብ ነው። አንድ ባልደረባዬ የፕሮቪደንት ፈንዱን፣ ማለትም በሥራ ዘመኑ የተጠራቀመለትንና ሲወጣ በአንዴ የሚሰጠውን ገንዘብ፣ እንደተቀበለ ሚኒባስ ገዛ። ሹፌሩ ታማኝ ነበር፤ ገቢው በየማታው ይመጣል። ባልደረባዬም በደብተር ይጽፋል። በግራ ገቢ፣ በቀኝ ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ ዘይት፣ ቅጣት፣ ቦሎ። የቀኙ ገጽ ቶሎ ቶሎ ይሞላ ጀመር። ሞተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ መኪናውን በኪሳራ ሸጠው። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። የትራንስፖርት ሥራን ግን የሚያውቀው እንደ ተሳፋሪ ብቻ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሊነግድ ያሰበ ሰው ንግዱን ገና ደመወዝ እያለው በትንሹ ይሞክረው። ስህተቱን ደመወዙ ይሸፍንለታል።

የቀኑ ነገርም እንደ ብሩ መታሰብ አለበት። የመጀመሪያው ወር ደስ ይላል። ከዚያ ሰው ሁሉ የጡረተኛን ጊዜ የራሱ አድርጎ ያየዋል። «አንተ ሥራ የለህም፣ እስቲ መብራት ኃይል ድረስ ሂድልኝ።» ዕድሩ ጸሐፊ ያደርግሃል፣ የሰፈር ሽምግልና ላንተ ይተዋል። ይህ ክብር ነው፤ ያልመረጡት ከሆነ ግን ያደክማል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ ሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የምትፈልጉትን ጀምሩት። የሒሳብ ባለሙያ ለሰፈሩ ነጋዴዎች መዝገብ መያዝ ይችላል። መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ማስጠናት ይችላል። ነርስ ቤት ለቤት የሕሙማን እንክብካቤ ትሠራለች። በሳምንት ሁለት ቀን ሰው የሚጠብቃችሁ ቦታ ይኑር።

በተለይ ለሴቶች ይህ ከባድ ነው። ሴት ጡረታ ስትወጣ የልጅ ልጅ ጠባቂ እንደሆነች ይወሰናል። ማንም አይጠይቃትም። «እማዬ፣ አንቺ ቤት ነሽ» ይባላል፤ ሞግዚቷ በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለች። አሜሪካ ያለችው ልጅ ስትወልድ ለአራስ ጥሪ ይመጣል፤ ስድስት ወር እዚያ፣ ተመልሳ እዚህ። የልጅ ልጅ ማሳደግ ደስታ ነው። ነገር ግን 28 ዓመት ሠርታ ለማረፍ የወጣች እናት፣ ከቢሮው የበለጠ ሰዓት ያለው ሥራ ያለ ክፍያ ስትረከብ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። ስንት ቀን? ማን ያግዛል? የእሷስ ቀን የትኛው ነው?

ከአሠሪዎች የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ በተለይ 45 ለሞላው፣ በየዓመቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጡት። እስካሁን የተቆጠረለት አገልግሎት፣ ገቢ የተደረገለት መዋጮ፣ በ55 ቢወጣ በዛሬ ደመወዙ የሚያገኘው፣ በ60 የሚያገኘው፣ የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ሽፋን የሚያበቃበት ቀን፣ እሱ ቢሞት ለባለቤቱ የሚደርሰው ግማሽ አበል ይጻፍበት። መረጃው ሁሉ ደመወዝ ክፍል ውስጥ አለ። ደብዳቤው የማይሰጣችሁ ከሆነ የአገልግሎት ዘመናችሁንና መዋጮአችሁን በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ የጎደለ ዓመት ካለ ለማስተካከል ጊዜ የሚኖራችሁ ገና በሥራ ላይ እያላችሁ ነው።