እርማት፦ ተቅማጡ የጥርስ አይደለም

“ጥርስ ሲያወጣ ተቅማጥ ያለ ነው፤ ጥሩ እናት አትደናገጥም” ላልሽው፣ እህቴ፣ ትንሽ እርማት አለኝ። (አባትም ይደንግጥ እንጂ!) ጥርስ ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ልጁን ያነጫንጫል። ተቅማጥ ግን አያመጣም።

ታዲያ ለምን ይገጣጠማል? ጥርስ ብቅ የሚለው 6 ወር አካባቢ ነው። ምግብም ያኔ ይጀመራል፣ መዳህም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው፤ ተቅማጥ የሚያመጣው ጀርምም አብሮ ይገባል። እኛ ኮዬ ፈጬ ውሃ ሲጠፋ ከጀሪካን ነው የምንቀዳው፤ ልጄን የጀሪካኑን ክዳን ሲመጥ ነው የደረስኩበት። እኔም “የጥርስ ነው” ብዬ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ዓይኑ ጎድጎድ ሲል ነው የሮጥኩት።

ጡት አታቋርጪ። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ግዢ፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን እዪ፣ ብዙውን ጊዜ ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። ውሃውን መጠኑ በተጻፈበት ሃይላንድ ለኪው እንጂ በግምት አይሆንም። ከበጠበጥሽው 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው። ጤና ጣቢያ ዚንክ ከሰጡሽ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ያሉሽን ቀን ጨርሺ። ደም ከታየ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ግን ቤት አትቆዪ፤ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሪ።