«አይናከስም» ላሉን ሁሉ

ሰሞኑን ውሾች ተፈተው ወደሚሮጡበት የመናፈሻው ክፍል የሚያስገባው በር በድንጋይ ተደግፎ፣ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዋለ። ማን እንዳደረገው አንጠይቅም፤ እጁ በስልክ የተያዘ ቅን ሰው መሆኑ አያጠራጥርም። በሩ ሁለት ሆኖ የተሠራው አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ነበር፤ በመሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ገብቶ የኋላውን መዝጋት፣ የውሻውን ማሰሪያ መፍታት፣ ከዚያ የፊቱን መክፈት። ወዳጃችን ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ድንጋይ ገላገሉን። ለውሾቹ መንገዱን፣ በመንገዱ ለሚያልፉ ሹፌሮችም ፍሬናቸውን የመፈተሽ ዕድል ሰጡ።

ጥንቃቄ የሚያበዙትም አሉ። ሌሎቹ ውሾች ተፈተው በሚራኮቱበት መሃል የራሳቸውን አጥብቀው ይዘው ይገባሉ። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ መናከስ ብቻ ነው፤ ማሰሪያውም በተወጠረ ቁጥር ንዴቱ ይብሳል። ጠብ ሲነሳ ታዲያ «የእኔማ ታስሯል» ብለው ከደሙ ንጹሕ ይሆናሉ።

«አይናከስም» የምትለዋ ቃልማ የጥበብ ሁሉ ራስ ናት። የምትነገረውም ውሻው ደረትዎ ላይ ከወጣ በኋላ፣ ከሩቅ፣ በጩኸት ነው። ውሻው ሲጠራ አይመጣም፤ ጌታው ግን ሲጠየቅ መልስ አያጣም።

ከሁሉ በላይ ሐውልት የሚገባቸው ግን ፌስታል ሰቃዮቹ ናቸው። ልብ በሉ፣ ሰነፎች አይደሉም። ሰነፍ ጥሎ ይሄዳል። እነሱ ፌስታል ገዝተዋል፣ በኪሳቸው ይዘው መጥተዋል፣ ጎንበስ ብለዋል፤ ፌስታሉን እንደ ጓንት አጥልቀው ትኩሱን አፍሰዋል፣ ገልብጠው ሁለቴ ቋጥረውታል። ከሥራው ዘጠኝ እጁ አልቋል። የቀረው በሩ አጠገብ ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ድረስ ጥቂት እርምጃ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥበባዊ ስሜት ያሸንፋቸውና ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥሉታል። አሰቃቀሉም በዘፈቀደ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚው እንዳያመልጠው በዓይን ልክ፣ ነፋስ ሲመጣ እንዲወዛወዝ ላላ ተደርጎ። «ስመለስ አነሳዋለሁ» ይላሉ። የሚመለሱት በሌላኛው በር ነው። የመጀመሪያው ፌስታል ለሁለተኛው የፈቃድ ወረቀት ስለሆነ ወሩ ሳይሞላ ዛፉ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሮዝ ያፈራል። ሳሩ ላይ ቢተዉት ኖሮ ቢያንስ ቅርጹን ዝናብና ነፍሳት ተረባርበው ባጠፉት ነበር፤ ተቋጥሮ ሲሰቀል ግን እንደ ቅርስ ይጠበቃል። «ይሄኛው እኮ የሚበሰብስ ፌስታል ነው» የሚሉ አዋቂዎችም አሉ። እውነታቸውን ነው። ብዙው ዓይነት የሚበሰብሰው ግን ሙቀቱ ተጠብቆ በሚሠራ ብስባሽ ማምረቻ ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ የሚያውቀው ሥራ መወዛወዝ ብቻ ነው። ከርሞ ከርሞ ፀሐይ ስትሰነጥቀው ፍሬው ይወርዳል፤ ከዛፉ ሥር ማን እንደተቀመጠ ሳይጠይቅ።

ቀልዱ ይቅር። ከውሻ ሰገራ ጋር የሚወጣው ቶክሶካራ የተባለው ትል እንቁላል የወጣ ዕለት ሰው አይዝም፤ የሚበስለው አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ከበሰለ በኋላ ለዓመታት ይቆያል። አፈር የነካ እጁን አፉ ውስጥ የከተተ ሕፃን ይውጠዋል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሽ ትልም አንዳንዴ ዓይን ድረስ ሄዶ ብርሃን ያጠፋል። የዛሬውን ዛሬ አንስቶ መጣል፣ ለውሻውም የትል መድኃኒቱን በጊዜው መስጠት ይህን ሁሉ ከጅምሩ ይቀጨዋል። ይህን እያወቁ ፊታቸውን አዙረው የሚሄዱ ሰዎች ነውረኞች ናቸው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። «ለሳሩ ማዳበሪያ ነው» የሚሉን የግብርና ሊቃውንት አሉ። በቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ አጠገብ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ግምት ውሾች በዓመት በአንድ ሄክታር ላይ 11 ኪሎ ያህል ናይትሮጅንና 5 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ እንደሚጨምሩ ያሳያል። ማዳበሪያነቱስ አልተካደም፤ የሚወፍርበት ግን ሳማ ነው፣ የዱር አበባው በጥላው ይጠፋል። ዝናብ አጥቦ ኩሬ ውስጥ ሲከተው ደግሞ ውኃው አረንጓዴ ይለብሳል። ፎስፈረሱ በሽንት እምብዛም አይወጣምና ሰገራው ቢነሳ ሁሉም ለማለት ይቻላል አብሮ ይነሳ ነበር።

ሳሩን በተመለከተ የሽንቱ ቢጫ ክብ ነው ሲታማ የሚኖረው፤ እሱስ ወዲያው ውኃ ቢያፈሱበት ይቀልላል። የሚገድለው እግር ነው። መቶ ሜትር ሜዳ እያለ ሁሉም በሩ ሥር ክብ ሠርቶ ስለሚቆም ውሾቹም እዚያው ይራገጣሉ፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ውኃ አያሰርግም፣ ሲዘንብ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ በሩ አካባቢ የእንጨት ፍቅፋቂ 15 ሴንቲሜትር ያህል ደልድሎ በሳሳ ቁጥር መጨመር፣ የተቆፈረውን ጉድጓድ በዕለቱ መድፈን፣ ሜዳውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በተራ ማሳረፍ ይበጃል። ይኸው አሁን ግማሹ በገመድ ታጥሮ «ሳሩ እያገገመ ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎበታል። አንዱ የተከበሩ ባለ ውሻ ጽሑፉን አንብበው ጨረሱና ገመዱን ከፍ አድርገው ውሻቸውን አሳለፉ፤ በዚህኛው በኩል ሳሩ ለምለም ነው አሉ።