ቢ1 ይዤ ስልክ ደወልኩ

የጀርመንኛ ቢ1 ሰርተፊኬቴ እጄ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወደ አንድ ክሊኒክ ደወልኩ። ቀጠሮ ለማስያዝ ነው። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ሁለት ሦስቴ ጮክ ብዬ አንብቤ ተዘጋጅቻለሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የክሊኒኩን ስም በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ስታበቃ «ዎሩም ጌትስ ዴን?» አለችኝ። ጭው አለብኝ። በኮርሱ መጽሐፍ ውስጥ ስልክ የሚያነሱ ሴቶች በሙሉ «ምን ልርዳዎት?» ነበር የሚሉት። ይቺኛዋ «ጉዳዩ ምንድን ነው ታዲያ?» ማለቷ እንደነበር የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው።

አዎ፣ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። በማግስቱ በእግሬ ሄጄ፣ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እጄን እያወራጨሁ ቀጠሮዬን ያዝኩ።

ይህን የማወራው «ጀርመንኛ ልማር ወይስ ይቅርብኝ? እስከ ስንት ልማር?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ሰው «ለምን» የሚለውን ሳይመልስ «እስከ ስንት» ላይ ሲጣደፍ አያለሁ። ደረጃውን የሚወስነው ምክንያቱ ነው። ምክንያቱ ያልለየለት ሰው ወይ ቢ1 ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ወይ ለማያስፈልገው ሲ1 ሁለት ዓመቱን ይከፍላል።

በመጀመሪያ እነዚህ ፊደልና ቁጥሮች ምን እንደሆኑ እንግባባ። ከታች ወደ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2 የሚባሉት የቋንቋ ደረጃዎች የጀርመንኛ ብቻ አይደሉም። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የጋራ ማዕቀፍ ናቸው፤ ፈረንሳይኛውም ጣሊያንኛውም በዚሁ ይለካል። ማዕቀፉ ስንት የሰዋስው ሕግ እንደምታውቁ አይጠይቅም። ምን ማድረግ እንደምትችሉ ነው የሚጠይቀው። ራሱን ማስተዋወቅ ይችላል። ያየውንና የገጠመውን መተረክ ይችላል። በሙያው ዙሪያ የሚደረግ ክርክርን መከታተል ይችላል። እንዲህ፣ እንዲህ እያለ «ይችላል» ላይ ያርፋል። እኔ ቢ1 የያዝኩ ቀን ስልክ ማናገር አልቻልኩም ነበር። ሰርተፊኬቱ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። የሚችለውን ያህል ነው የመሰከረልኝ፤ እኔ ነኝ ከመሰከረው በላይ የጠበቅሁት።

ኤ1 ሰላምታ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ዋጋ ነው። ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው የጀርመን ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ለዚህ ፈተና ያወጣው የቃላት ዝርዝር 650 ገደማ ቃላት አሉት። ለቢ1 ያወጣው ደግሞ 2400 ገደማ። ልዩነቱን አስቡት። ኤ2 በመካከል ያለ ድልድይ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል።

ቢ1 ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። የጎተ ኢንስቲትዩት የቢ1 የንግግር ፈተና ሁለት ተፈታኞችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። መጀመሪያ አንድ ነገር አብራችሁ አቅዱ ይባላል፤ ለምሳሌ ሆስፒታል የተኛ ጓደኛን መጠየቅ። መቼ እንሂድ? በምን እንሂድ? ምን ይዘን እንሂድ? ቀጥሎ እያንዳንዱ በአንድ ርዕስ ላይ አጭር ገለጻ ያቀርባል፤ ገጠመኙን ይነግራል፣ ጥቅምና ጉዳቱን ይዘረዝራል፣ ሐሳቡን ይሰጣል። በመጨረሻ አንዱ ለሌላው ጥያቄ ያቀርባል። ማንበብ፣ ማዳመጥና መጻፍም ለየብቻ ይፈተናሉ፤ በእያንዳንዱ 60 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። የእኔ አጣማሪ ሆስፒታል የተኛው ጓደኛችን ቸኮሌት እንደማይወድ በጽኑ ስለተከራከረኝ ላቤ ጠብ እስኪል አማራጭ ስፈልግ ነበር። ቋንቋ እያወራሁ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ያኔ ነው።

«በሦስት ወር ቢ1» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። ሒሳቡን እንሥራው። ጎተ ኢንስቲትዩት ለቢ1 ፈተና ከ350 እስከ 650 የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ይላል። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ13 ሳምንት ብትማሩ 325 ነው። አንድም ቀን ሳትቀሩ፣ ሳትታመሙ፣ ሳይሰለቻችሁ ዝቅተኛውን ቁጥር እንኳ አትነኩትም። ጀርመን ለመጤዎች በምትሰጠው የውህደት ኮርስ እንኳ ቢ1 ለመድረስ የተመደበው 600 ክፍለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አንብባችሁ ሳቁበት።

ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ጀርመንኛ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በአፍ መፍቻነት ከሁሉም በላይ የሚነገር ቋንቋ ነው። ከጀርመን ሌላ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በሉክሰምበርግና በቤልጂየም የመንግሥት ቋንቋ ነው። አንስታይን የ1905ቱን ታላላቅ ጽሑፎቹን የጻፈው በጀርመንኛ ነው የሚልም ምክንያት እሰማለሁ። እውነት ነው። ግን ዛሬ ፊዚክስ ለማጥናት ብሎ ጀርመንኛ የጀመረ ሰው ካለ ብዙ የሚገፋበት አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ምክንያት ለወሬ ይጥማል፤ ክረምት ላይ ማታ ማታ ኮርስ አያስሄድም።

ኮርስ የሚያስሄደው ቁርጥ ያለ ጉዳይ ነው። የትዳር አጋራችሁ ጀርመን ካለና ልትቀላቀሉ ከሆነ በአብዛኛው የሚጠየቀው ኤ1 ነው። ከ2024 ጀምሮ ሥራ ፈላጊዎች የሚገቡበት «ቻንሰንካርተ» የሚባለው ካርድ ከሌሎቹ መስፈርቶች ጋር ወይ ጀርመንኛ ኤ1 ወይ እንግሊዝኛ ቢ2 ይጠይቃል። ሥራ ላይ ሆኖ ሙያ የሚማሩበት «አውስቢልዱንግ» በአብዛኛው ቢ1 ይፈልጋል። ዜግነትም ቢ1 ነው። የአውሮፓን ሰማያዊ ካርድ (ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጥ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ነው) የያዘ ባለሙያ ሌላው መስፈርት ከተሟላለት በኤ1 ከ27 ወር በኋላ ቋሚ መኖሪያ ማግኘት ይችላል፤ ቢ1 ካለው በ21 ወር። ቋንቋ በስድስት ወር ሲመነዘር ያየሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ነርስ ከሆናችሁ ብዙውን ጊዜ ቢ2 ነው። ሐኪም ከሆናችሁ ደግሞ ለብቻው የሙያ ቋንቋ ፈተና አለ፤ በሲ1 ልክ። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሃያ ደቂቃ ታካሚ መስሎ የተቀመጠን ሰው ታናግራላችሁ፤ ሃያ ደቂቃ የሰማችሁትን በጽሑፍ ታሰፍራላችሁ፤ ሃያ ደቂቃ ስለ ታካሚው ለሌላ ሐኪም ታስረዳላችሁ። ለታካሚው ሆድ ቁርጠት የምትሉትን ለሐኪሙ በሙያው ስም ነው የምትጠሩት። አንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ማለት ነው።

ለትምህርት የሚሄድ ሰው ጉዳይ ትንሽ ይለያል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ የምትባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን በሴሚስተር 1500 ዩሮ ታስከፍላለች። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የማስተርስ ፕሮግራም ሞልቷል። የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን ግን አብዛኛው በጀርመንኛ ነው፤ «ቴስት ዳፍ» በሚባለው ፈተና በአራቱም ክፍል አራት አራት አምጡ ይላሉ። እዚህ ላይ ቢ1 ይዞ መቅረብ ቀልድ ነው።

«እንግሊዝኛ ይበቃል» የሚሉም አሉ። በርሊን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ቢሮው ውስጥ ይበቃ ይሆናል። ቤቱ ሲገባ ግን የፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ ይጠብቀዋል። በጀርመን ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ቋንቋ ጀርመንኛ ነው። ደብዳቤው ውስጥ «ፍሪስት» የምትል ትንሽ ቃል አለች፤ የጊዜ ገደብ ማለት ናት። እሷን ያላያት ሰው ጉድ ይፈላበታል።

አሁን ብዙዎች ወደሚፈሩት ልግባ። ጀርመንኛ ከባድ ነው ይባላል። ለማን? ለአማርኛ ተናጋሪ ከባድ ያልሆነ ነገር ሞልቶታል። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ግስ ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲሄድ ያብዳሉ። ጀርመንኛ «ዳስ» ብሎ በሚጀምረው ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሱን ወደ መጨረሻ ይወረውረዋል። «ዛሬ እንደማይመጣ አውቃለሁ» የምንል ሰዎች ምን ይገርመናል? ግስን እስከ መጨረሻ መጠበቅ እኛ ስንወለድ የያዝነው ትዕግሥት ነው። አክብሮቱም እንደዚያው። «ዚ» ማለት እርስዎ ነው፤ «ዚ» ማለት እነሱም ነው፤ ግሱም አንድ ነው። እኛም «ይመጣሉ» ስንል ስለ እርስዎም ስለ እነሱም እንላለን።

ደግሞ እነዚያ ጥቃቅን ቃላት አሉ፤ «ዴን»፣ «ማል»፣ «ዶኽ»። መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጓቸው ያደናግሯችኋል። ጀርመኖች ግን ያለ እነሱ አያወሩም። እኔ የተገላገልኩት አማርኛዬን ሳስታውስ ነው። «ማል» ብዙውን ጊዜ የኛ «እስቲ» ነው፤ «ኮም ማል ሄር» ማለት «እስቲ ና ወዲህ»። «ዴን» ጥያቄ ላይ ስትገባ «ታዲያ» ናት። «ዶኽ» ደግሞ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ የሚሰጥ ማፍረሻ ነው። «አልበላህም አይደል?» ሲሉህ «ኧረ በልቻለሁ!» የምትለዋ «ኧረ»። አንዲት ቃል ናት፤ ዐረፍተ ነገር ሙሉ ትሸከማለች።

ፆታው ላይ ግን አልዋሽም። ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት፣ ቢላ ከሁለቱም ያልሆነ። አማርኛ ለቀቅ ያለ ነው፤ መኪናውን ከወደድነው «መኪናዋ» እንላለን፣ ማንም አይከሰንም። ጀርመንኛ እንዲህ ያለ ነፃነት አይሰጥም። ልጃገረድ እንኳ ሴት አይደለችም፤ «ሜትሸን» በ«ሸን» ስለሚያልቅ ገለልተኛ ነው። ምክር ከተባለ ያለኝ አንድ ነው፤ ስሙን ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ፆታውን ከምታሳየው ከፊቱ ካለችው ትንሽ ቃል ጋር፣ አብራችሁ ሸምድዱ። ለየብቻ የሸመደድኩትን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

በእኔ እይታ ጀርመንኛ ተማርኩ የሚያስብለው ቢ1 አይደለም፤ ከቢ1 ወደ ቢ2 የሚወስደው መንገድ ነው። አሰልቺም የሆነው እሱ ነው። ከኤ1 ወደ ኤ2 ስትሄዱ በየሳምንቱ የምትችሉት ይጨምራል። ቢ1 ላይ ስትደርሱ ወራት ያልፋሉ፤ ያው ናችሁ። ቢ2 ከዜሮ ሲቆጠር ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። መጽሐፍ ብቻውን አይበቃውም። ሬዲዮ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ስልክ ይፈልጋል። ሰው ሳይጠየቅ የሚቀልደውን ቀልድ መስማት ይፈልጋል። ሲ1 ለዩኒቨርሲቲና ለሙያ ነው። ሲ2 ለአስተርጓሚና ለእልኸኛ።

እኔ ቢ2 ላይ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀሁ። ከዚያ ለዚያው ክሊኒክ ደወልኩ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ወረቀት። ያችው ድምፅ አነሳች። የክሊኒኩን ስም በአንድ ትንፋሽ ጨርሳ «ዎሩም ጌትስ ዴን?» አለች። ጉዳዬን ነገርኳት። የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ፤ ስሜን አላገኘችውም መሰለኝ።

«ከዚህ በፊት እኛ ጋ መጥተው አያውቁም አይደል?» አለችኝ።

«ዶኽ» አልኳት።