ክቡር ክርን

ሐዋሳ ውስጥ ከሰው አካል ሁሉ እንደ ክርን የተከበረ የለም። አናት በፀሐይና በአቧራ ይጠበሳል። ክርን ግን ሄልሜት ውስጥ ተንደላቆ ይጓዛል። በተለይ የግራው። ቀኙ ነዳጅ ስለሚሰጥ ይህን ክብር አላገኘም።

ሥርዓቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞተረኛው ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይበራል። አደባባዩ ጋ ትራፊክ ብቅ ሲል ሄልሜቱ ከክርን ወደ አናት ይወጣል። ትራፊኩ ከኋላ ሲቀር ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ድሮ ሰው ትልቅ ሰው ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። የእኛዎቹ ለክብር ያጠልቃሉ። ከዚህ በላይ ጨዋነት ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት ወደ መናኸሪያ ልሻገር ዜብራው ላይ ስደርስ፣ አንዱ ይህን ሰላምታ በማቅረብ ላይ ሳለ መጣብኝ። ግራ እጁ መሪውን ለቋል። ሄልሜቱ ጆሮው ጋ ተሰክቶ አልወርድ ብሎ ዓይኑን ሸፍኖታል። የፊት ጎማው የጫማዬን ጫፍ ላስ አድርጎ አለፈ። "አታይም እንዴ!" ብሎ ጮኸብኝ። ዓይኑ ስፖንጅ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቢሆንም አልተቀየምኩም። ሰው ለሕግ ክብር ሲሰጥ መሀል መግባት ነውር ነው። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ ያነሣሣኝ ምስጋና ነው።

ሰዎች "ሞተረኞች የሄልሜትን ጥቅም አልተረዱም" ይላሉ። ሐሰት ነው። ከማንም በላይ ተረድተውታል። ማስረጃዬ አንድ የበዓል ዋዜማ ገበያ ዳር ያየሁት ክቡር ሰው ነው። ሞተሩን አቁሞ እንቁላል ይገዛል። 12፣ ለዶሮው ልክ። ሻጯ በፌስታል ልትሰጠው ስትል ክው አለ። "በፌስታል? ይሰበራላ!" ሄልሜቱን ከክርኑ አወለቀና ገለበጠው። ውስጡን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸ። በቂ ስፖንጅ አለው። ጋዜጣ ለምኖ አነጠፈ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ፣ ሹሉን ወደ ታች እያደረገ ደረደረ። ሁለቱ ሲጋጩ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ መሰለኝ፣ ሁሉንም አውጥቶ በፀሐይ እያየ እንደገና ደረደራቸው። ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ አለበሳቸው። ብርድ እንዳይመታቸው ይሆን? ከዚያ፣ ልብ በሉ፣ የአገጭ ማሰሪያውን ፈለገ። ያ ማሰሪያ ከተገዛ ጀምሮ አገጭ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ጎተት አድርጎ መጥበቁን አረጋገጠ። አላመነም፣ ደግሞ ጎተተው።

አነዳዱን ደግሞ ብታዩ! ሄልሜቱን ጭኖቹ መሀል አቅፎ፣ ግራ አይቶ፣ ቀኝ አይቶ ወጣ። ስፒድ ብሬከሩ ጋ ሲደርስ ሊቆም ትንሽ ቀረው። ለባጃጅ ቅድሚያ ሰጠ። ለባጃጅ! ባለ ባጃጁ ግራ ገብቶት ዞሮ ዞሮ አየው። "እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል" ይባላል። ሐዋሳ ላይ በሞተር ይሄዳል፣ ያውም ሄልሜት አድርጎ። ባዶ አናቱን የያዘው ሾፌሩ ብቻ ነው። እንቁላሎቹ በሰላም እንደገቡ፣ እቤትም አንድ በአንድ ተቆጥረው ርክክብ እንደተደረገ አልጠራጠርም።

እንግሊዞች እዚህ ዕውቀት ላይ ለመድረስ ብዙ ለፍተዋል። የዐረቢያው ሎውረንስ የሚባለው ዝነኛ መኮንን በ1935 እ.ኤ.አ. ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬይርንስ ነበር። ኬይርንስ በኋላ የጦር ሠራዊቱን መልእክተኛ ሞተረኞች አደጋ አጥንቶ በ1941 ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ጦሩ ሞተረኞቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት የመጎዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ምስኪን ተመራማሪዎች! ስለ ክርን ትዝም አላላቸው።

"ቅርብ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው" የሚሉም አሉ። እነዚህን አደንቃለሁ፣ ከስበት ጋር የግል ስምምነት አላቸው። ከ1.7 ሜትር ከፍታ ዝም ብሎ የተለቀቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አልፏል። የአንድ ሰው ቁመት ነው። ሞተሩ ገና ሳይነሣ ማለት ነው። ኮብልስቶኑ ደግሞ "ቅርብ ነው" ሲሉት አይለሰልስም። የግንባታ ቢጫ ኮፍያ አድርገው የሚነዱትንም ሳላመሰግን አላልፍም። ፎቅ ቢወድቅባቸው ዝግጁ ናቸው።

"ልምድ አለኝ" የሚባለውስ? ሞተር የሚለመደው እሑድ ከሰዓት፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ በአጎት ልጅ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው። ይሄ ክላች። ይሄ ማርሽ። ይሄ ክላክስ። የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል። ተመረቅክ! ሞተር ሲፈረን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። በልኩ መያዝን የሚያስተምር ሰው ያስፈልግ ነበር። የእኛ ምሩቅ ግን ባጃጅ ድንገት ሲዞርበት የኋላውን ረግጦ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የፊት ፍሬኑ ሳይነካ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ሲሸጥ ዋጋ ያወጣል።

ሃሪ ኸርት የሚባል አሜሪካዊ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሮ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶዎቹ መደበኛ ስልጠና ያልወሰዱ ናቸው። ወይ ራሳቸውን አስተምረዋል፣ ወይ ከቤተሰብና ከጓደኛ ተምረዋል። የአጎት ልጅ እዚያም አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ጠዋት ትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ላይ አንድ አባት ሄልሜቱን ሥርዓት ባለው መንገድ አድርጎ፣ አስሮ ያልፋል። ከፊቱ፣ የነዳጅ ጋኑ ላይ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጁ ተቀምጣለች። አናቷ ላይ ያለው ሪባን ብቻ ነው። አንተ ሰው፣ ምን ነክቶህ ነው? ጥቅሙን አላወቅክም እንዳልል አድርገኸዋል። የአንተን አናት ሸፍነህ የእሷን ለአስፋልት ትሰጣለህ? ብትጋጭ መጀመሪያ የምትወረወረው እሷ ናት። የምትይዘው መሪ የላት፣ የምትረግጠው ፍሬን የላት። አንተን ነው ያመነችው። ለእሷ ልክ የሚሆን ከሌለህ አውርዳትና እጇን ይዘህ በእግር ውሰዳት። አታፍርም?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ተሳፋሪዎችም ድርሻቸው አይዘነጋም። አንዷ "ፀጉሬን ዛሬ ነው የተሠራሁት" ትላለች። ልክ ናት፣ ፀጉር ቤት ወረፋው ብዙ ነው። ሌላው የሰው ሄልሜት ቅማል ያስይዛል ብሎ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ይመልሳል። ለጤናው የሚጠነቀቅ ሰው ደስ ይላል። ሞተረኛውም አያስጨንቃቸውም። የተመለሰለትን ተቀብሎ ክርኑ ላይ ያስገባል።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ለእምነት ሰዎቹ ነው። "ሄልሜት አድርግ" ሲባሉ ወደ ሰማይ ያዩና "ቀን ከደረሰ በሄልሜትም ይሞታል፣ የሚጠብቀው እግዜር ነው" ይላሉ። እንዲህ ያለ እምነት ዛሬ የት ይገኛል? ከእነዚህ አንዱ ጎረቤቴ ነው። ማታ ገብቶ ሞተሩን ሲያቆም መሪውን ይቆልፋል። የኋላ ጎማውን በሰንሰለት ከብረት በሩ ጋር ያስራል። ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ይጨምራል። የሌባውን ጉዳይ እንኳ እግዜር ላይ መጣል ከብዶት ይሆናል።