ከውጭ መስታወት፣ ከውስጥ ካርቶን

ኧረ በፈጠራችሁ! ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ አካባቢ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ዋና መሥሪያ ቤት የተባለ ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ መስታወት ለብሷል። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ በምዕራብ በኩል ዞራችሁ ተመልከቱ፦ ካርቶን፣ የፕሪንተር ወረቀት፣ የዓምና ካላንደር በየመስታወቱ ተለጥፏል። ሠራተኛው የኮምፒውተሩን ስክሪን ማየት አቅቶት ነው።

አዲስ አበባ እኮ ዱባይ አይደለችም! ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ ብርድ የሆነ ከተማ ናት። በወጉ የተሠራ ቢሮ መስኮት ከፍቶ ይውላል። እነዚህ ግን የሚከፈት መስኮት ቢኖራቸው እንኳ ከስንዝር አያልፍም፤ ስለዚህ ኤሲ ይገዛል።

ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምትመታው ጣሪያውን ነው። በደቡብ በኩል፣ በታኅሣሥ እንኳ፣ ቀትር ላይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ቁመቱ 1 ሜትር ለሆነ መስታወት ከላይ 65 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጥላ ይበቃል። ጣጣው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ የላይኛው ጥላ አይፈይድም፤ መስታወቱን መቀነስ ወይም ቋሚ ማገጃ ማቆም ነው። አርክቴክቱ ይህን ተምሮታል። ባለቤቱ ግን "በመንገዱ በኩል ይብለጭለጭልኝ" ይላል፤ መንገዱ በምዕራብ ከሆነ አለቀ።

ነጠላ 6 ሚሊ ጥርት ያለ መስታወት ከፀሐይ ሙቀት 80 በመቶ ያህሉን ያስገባል። ፀሐይ የሚመልስ ቅብ ያለው ድርብ መስታወት ወደ 30 በመቶ ያወርደዋል። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ይጻፋል፤ ግዢ ላይ "ያው ነው" ተብሎ ይቀየራል። ሰማያዊ እስከሆነ ድረስ ማን ይለየዋል! ኋላ ከውስጥ ስቲከር ይለጠፋል፣ ሙቀቱ ከገባ በኋላ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ያልሆነ ባለቀለም መስታወት ከሆነማ መሃሉ ይግላል፣ ፍሬም ውስጥ ያለው ጠርዝ ይቀዘቅዛል፤ አንድ ቀን ከጠርዙ ጀምሮ ጧ!

ክረምት ላይ ደግሞ ማፍሰሱ አለ። ትንሽ ዝናብ በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ጎማ አልፎ የአሉሚኒየሙ ፍሬም ውስጥ መግባቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከታች ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የተተውት እሱን እንዲያስወጡ ነው። ጠጋኙ መጥቶ በሲሊኮን የሚደፍነው ግን እነሱኑ! ውሃው መውጫ ሲያጣ በኮርኒሱ ይመጣል። እና ምን ይታዘዛል? ሌላ ካርቶን ሲሊኮን።